ይቅር የሚለው ቁልፍ

ለምያ ኸይረዲን ከጓሮዬ ያለችውን ክፍል ይዛ መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሰው "ያቺ ልጅ እዚያ ተዘግታ ምን ትሠራለች?" ሲለኝ መጀመሪያ መልስ አልነበረኝም። አባቷ ኸይረዲን ገበያው ዳር ሳሙናም ምስማርም ስልክም የሚሸጥበት ሱቅ አለው፤ እሱ ሲጠየቅ "ኮምፒውተር ነው" ብሎ ይገላገላል። አሁን እኔ አውቄዋለሁ። ለምያ ሰው ስልኩን ሲነካካ ብቅ ብለው የሚጠይቁትን ትንንሽ ሳጥኖች ትሠራለች። "ይላክ? ይሰረዝ? እርግጠኛ ነዎት?" የሚሉትን። ሌላም ብዙ ነገር ትሠራለች፣ ነገር ግን ያስለቀሷት እነዚህ ሳጥኖች ስለሆኑ ስለነሱ ነው የምናገረው። እሷ ዲያሎግ ቦክስ ትላቸዋለች። እኔ ጠያቂዎቹ እላቸዋለሁ።

ትውልዷ እዚሁ ቦንጋ ነው። ኸይረዲን በጎረምሳነቱ ከስልጤ መጥቶ፣ ሁለት ኩንታል ጨው ይዞ፣ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ልጅቱ ጂማ ተማረች፣ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ሠራች፣ እናቷ መኪያ ስትታመም ልታስታምም መጣች። መኪያ ድና ተነሣች፤ ለምያ ግን አልተመለሰችም። የአባቷ ቤት ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲወርድና ሲጫን ይውላል፤ ለዚህ ነው የኔን ክፍል የፈለገችው።

"ለምን አትሄጂም ልጄ? እዚያ ቢሮው ፎቅ ነው አሉ" አልኳት አንድ ቀን።

"እትዬ፣ እዚያ የሠራሁትን ማን እንደሚነካው አላውቅም ነበር። እዚህ ገበያ ወጥቼ አየዋለሁ።"

የምትሠራው ለማር አምራቾች ማኅበር ነው። የማኅበሩ መኪና ማር ለመሰብሰብ በየመንደሩ ይዞራል። ቀድሞ ማር የቆረጠ ሰው ስሙን በወረቀት ይልክ ነበር፤ ወረቀቱ ቦንጋ እስኪደርስ መኪናው በሌላ በኩል ይሄዳል። ለምያ የሠራችው አፕ አባሉ እዚያው ደጁ ሆኖ በስልኩ ተራ እንዲይዝ ነው። መኪናው ተራ ወደተያዘበት ይሄዳል፣ ተራ ወዳልተያዘበት አይሄድም። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሔኖክ "አንድ የማር ወቅት ይሞከር፣ ከዚያ አባላቱ ሰኔ ላይ በጉባኤ ይወስኑ" አላት። አባላቱ እንቢ ካሉ ወደ ወረቀት ይመለሳሉ፣ ለምያም ሥራ የላትም። የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ደግሞ ተመለሺ እያለ ይደውላል። ኸይረዲን "ማኅበሩ እንቢ ካለ ትሄጃለሽ፤ ቃል ግቢ" አላት። ገባች። መሄድ እንደማትፈልግ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ግንቦት ላይ፣ በገበያ ቀን፣ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ከበር ሰማሁ። ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው፤ ማንኪራ የሚኖሩ፣ ጫካው ውስጥ ከዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ በቁመታቸውም በቁጣቸውም የሚታወቁ ሰው። ይግቡ ከማለቴ ገብተው ለምያ ፊት ቆሙ።

"የስልኩ ልጅ አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ ጋሼ። ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ።"

"የት?"

"መንገድ ዳር! ከማር ባልዲዎቼ ጋር! ያለፈ ያገደመው ሁሉ 'ተክለጻድቅ፣ ሱቅ ከፈትክ ወይ?' እያለ ሳቀብኝ። መኪናሽ የታለ? ተራ ይዤ አልነበር?"

ለምያ ኮምፒውተሯን ከፍታ ፈለገች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

"ጋሼ... ይዘው ነበር። ከዚያ ራስዎ ሰርዘውታል ይላል። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።"

"እኔ? ንቤ ነው የሰረዘው በያ!"

እኔ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ለምያ ግን አልሳቀችም። ስልካቸውን ተቀብላ "ማክሰኞ ያደረጉትን እንደገና ያድርጉልኝ" አለቻቸው። እንደምንም ተቀመጡ። ተራቸው መኖሩን ለማየት ፈልገው ስማቸው ላይ ጣታቸውን ጫን አድርገው አቆዩት። ይኼኔ አንዲት ሳጥን ከመሃል ዘለለች። እውነት ነው የምለው፣ እንደ እንቁራሪት ነው የዘለለችው። ጋሽ ተክለጻድቅ ስልኩን ከፊታቸው አራቁት። "ተራዎ ይሰረዛል" ይላል ጽሑፉ። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፤ በአንዱ "ይቅር"፣ በሌላው "እሺ" ተጽፎበታል።

"ይኸውልሽ። ተራዬ ይሰረዛል አለኝ። ይቅር ወይ? ሲለኝ ለምን ይቀራል! መኪናው ይምጣልኝ እንጂ! እሺ አልኩ።"

"ጋሼ፣ ይቅር ማለት እኮ መሰረዙ ይቅር ማለት ነው። እሺ ማለት ደግሞ ይሰረዝ..."

"የሚቀረው የቱ ነው? መሰረዙ ነው ወይስ ተራው?"

ለምያ ጽሑፉን እንደገና አነበበች። እኔን ዞራ አየችኝ።

"እኔም ተራው ነው የመሰለኝ" አልኩ።

"መጀመሪያ እንዲያውም" አሉ ጋሽ ተክለጻድቅ፣ አሁን ቁጣቸው በረድ ብሎ፣ "ይቅር ሲለኝ ከማን ተጣልቼ ነው ይቅር የምባባለው ብዬ ነበር። ኋላ ከመኪናው ሹፌር ጋር መሰለኝ፤ አምና አንድ ነገር ተባብለናል።"

ማራቸውን ኸይረዲን በሱቁ ጭነት መኪና አስመጣላቸው። ለምያ ማታውኑ ዝርዝሩን ስታይ እንደሳቸው ሳያውቁ ተራቸውን የሰረዙ ሃያ ሦስት ሰዎች አገኘች። ሰባቱ ከማንኪራ፣ ሌሎቹ ከዋጫ በኩል። በማግስቱ አቶ ሔኖክ ደውሎ "አባላቱ ስልኩ ያታልላል እያሉ ነው። ጉባኤው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። እንግዲህ አስቢበት" አላት። ያን ቀን ነው ስታለቅስ ያየኋት። ድምፅ አላሰማችም፤ የክፍሏ በር ክፍት ስለነበረ ነው ያየሁት።

ቆጮና አይብ ይዤላት ገባሁ። ስልኳን ሰጠችኝ።

"እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይንኩት። ስምዎ ላይ ጫን ያድርጉ።"

ጫን አደረግኩ። ያቺ እንቁራሪት ዘለለች። ደንግጬ "እሺ" የሚለውን ነካሁ።

"ለምን እሺ አሉ? አንብበውታል?"

"የት አነበብኩት! ጠየቀኝ እኮ። ሰው ሲጠይቅ እንቢ ይባላል?"

"ስልክ ነው እትዬ፣ ሰው አይደለም።"

"ካልሆነ ለምን ይጠይቀኛል?"

ይህን ስላት ሳቀች፤ እንባዋ ገና አልደረቀም ነበር። ያኔ ነው የስልክ ቤቱን ነገር የነገርኳት።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ግን ማንበብ ስለምችል ድሮ ስልክ ቤት በተላላኪነት ተቀጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ያኔ በየቤቱ ስልክ የለም። ከጂማ ወይም ከአዲስ አበባ ሰው ሲፈለግ እኔ "እገሌ፣ በዚህ ሰዓት ስልክ ቤት ቅረብ" የምትል ቁራጭ ወረቀት ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ። ወረቀቷ ላይ ለምን እንደተፈለገ አይጻፍም። ጊዜውም ክፉ ነበር፤ ልጆች ጦር ሜዳ ናቸው። እኔ በር ላይ ብቅ ስል እናቶች ነጠላቸውን ይጥላሉ። አንድ ቀን እትዬ ላቀች የሚባሉ ጎረቤታችን እኔን ሲያዩ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። የደወለው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ፈተና አለፍኩ ሊላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልማድ አወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ፣ ገና ሰው ሳያየኝ፣ "ለደህና ነው! ለደህና ነው!" እያልኩ እመጣለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምራመደው። በሩ ላይ ቆሜ ስሙን ጠርቼ ወረቀቱን እሰጣለሁ። መርዶ ከሆነ ግን፣ ስልክ የምታገናኘዋ ልጅ ሹክ ትለኝ ነበርና፣ ወረቀቱን ይዤ አልሄድም። ጎረቤት ሽማግሌ ፈልጌ በእሳቸው በኩል ይደርሳል። ሰዉ ይህን ለመደ። የእኔን የአበዛሽን ድምፅ ከመንገድ ከሰማ ቡናውን ሳያቋርጥ ይጠብቀኛል።

"አንድ ጊዜ ግን" አልኳት ለለምያ፣ "ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ጠፋ። ዝም ብዬ ወረቀት ይዤ አንድ ቤት ገባሁ። ያ ቤት ተንጫጫ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ ድንኳን ሊያመጣ ሄደ። ስልኩ ግን ስለ በቅሎ ሽያጭ ነበር።"

ለምያ እንደ ሁልጊዜዋ ትስቅልኛለች ስል ትክ ብላ አየችኝ።

"ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለነበሩ ነው አይደል? የለመዱትን ሲያጡ ነው የደነገጡት።"

"እንግዲህ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።"

ተነሥታ ወረቀት አወጣች። ሳጥኖቿን አንድ በአንድ በእርሳስ ሣለችና ግድግዳዬ ላይ በፕላስተር ለጠፈቻቸው። ሲለጠፉ ጉዳቸው ወጣ። ተራ የሚያስይዘው ሳጥን ከታች ይመጣል። የሚሰርዘው ከመሃል ይዘላል። መልእክት የሚልከው ከላይ ይወርዳል። "እሺ" በሁለቱ ላይ በቀኝ ነው፣ በአንዱ በግራ። አንዱ "እርስዎ" ይላል፣ አንዱ "አንተ" ይላል። "በተለያየ ወር ነው የሠራኋቸው" አለች ፀጉሯን እየነካካች። "አንዱን ስሠራ ሌላውን ረስቼ።" እኔ ሳየው ሦስት የተለያየ ባሕርይ ያላቸው ሰዎች አንድ በር ላይ የቆሙ ነው የመሰለኝ።

ሁለት ሳምንት ያህል ስትሠራ አየኋት። ያወቅኩትን ያህል ልንገር። ሳጥኖቹ ሁሉ ከታች፣ ከአንድ ቦታ እንዲመጡ አደረገች። ከመምጣታቸው በፊት ኋላ ያለው ገጽ ደብዘዝ ይላል፤ ሰው "የሚመጣ አለ" ብሎ እንዲያውቅ። ከዚያ ሳጥኑ ቀስ ብሎ ይወጣል። ቀስ ማለት ለእሷ ከአንድ ሰከንድ ሲሶው ነው፤ እኔ ዓይኔን ሳርገበግብ ያልፈኛል፣ እሷ ግን ሃምሳ ጊዜ እያየች "ትንሽ ፈጠነ፣ ትንሽ ዘገየ" ትላለች። ሲመጣ በፍጥነት ተነሥቶ ሊደርስ ሲል ይለዝባል። ሲሄድ ደግሞ ከመምጣቱ ይፈጥናል።

"እንግዳ እኮ ሲሄድ ነው የሚዘገየው" አልኳት። "በር ላይ ቆሞ ሌላ ወሬ ይጀምራል።"

"ለዚህ ነው ስልክ ላይ የማልፈቅድለት። መልሱን ካገኘ ይሂድ።"

አንድ ቀን የሱቁን ርካሽ ስልክ ልትወስድ አባቷ ዘንድ ሄደች፤ እኔም ሳሙና ልገዛ እዚያው ነበርኩ።

"ይሄን?" አለ ኸይረዲን። "ይሄን ገበሬ እንጂ ያንቺ ዓይነት ሰው አይዝም። ነካ ስታደርጊው ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ይረሳል።"

"ለገበሬ እኮ ነው የምሠራው፣ አባዬ።"

ኸይረዲን ያለው እውነቱን ነበር። የሷ ስልክ ላይ እንደ ውኃ የሚፈሰው ሳጥን በዚያኛው ላይ ሲመጣ እየተንቀጠቀጠ፣ መሃል ላይ እየቆመ ነው። ሦስት ቀን ከዚያ ስልክ ጋር ተጣላች። በመጨረሻ የሳጥኑን ጥላና ጌጥ አወጣችለት፤ ቀለል ሲል ተራመደ።

ትልቁ ነገር ቃሉ ነበር። "ይቅር"ን ከሁሉም ቦታ ነቀለችው። "እሺ"ንም ነቀለችው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የሚሆነው ነገር ራሱ ተጻፈ፤ "ተራዬ ይቆይ"፣ "ተራዬ ይሰረዝ"። የማይጎዳው ሁልጊዜ በቀኝ፣ ከአውራ ጣት ሥር። የሚሰርዘው ሳጥን ብቻ ቀይ መስመር አለው፣ ከሌሎቹም ዘግየት ብሎ ይመጣል። ለምን ብላት "መርዶው ነው" አለችኝ።

አቶ ሔኖክ መጥቶ አየው። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን የቢሮ ሰው ነው።

"ለምያ፣ የዓለም ስልክ ሁሉ እሺና ይቅር ነው የሚለው። ስታንዳርድ ነው። ሰዉ ሌላ አፕ ላይ ለምዶታል።"

"የትኛው ሰው ነው የለመደው፣ አቶ ሔኖክ?"

"አጠቃላይ ተጠቃሚው።"

"አጠቃላይ ተጠቃሚው ሁለት ቀን መንገድ ዳር ከባልዲ ጋር ተቀምጧል።"

ሔኖክ እኔን አየኝ። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። "እንግዲህ ጉባኤው ይፍረድ" ብሎ ሄደ።

ጉባኤው ሰኔ ውስጥ በማኅበሩ መጋዘን ተደረገ። ዝናብ ቆርቆሮውን ስለሚመታው ሰው የሚናገረው እየጮኸ ነው። እኔ አባል አይደለሁም፤ የለምያ ሰው ነኝ ብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሔኖክ ገና ስለ ስልኩ ሲጀምር ከኋላ አንዱ "ወረቀት አይዘልም!" ብሎ ጮኸና መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ለምያ ከፊት ቆማ ነበር። ያንን ርካሽ ስልክ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

"ጋሽ ተክለጻድቅ አሉ?" አለች።

"አሉ!" አሉ ራሳቸው። ሳቁ ጨመረ።

"ይምጡና ይሞክሩልኝ። ካልሆነልዎ እኔ ራሴ ወደ ወረቀት እንመለስ እላለሁ።"

ማንም አላዘዛትም። ኸይረዲን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ እሱም አንገቱን ሰበር አደረገ።

ጋሽ ተክለጻድቅ መጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ስማቸው ላይ ጫን አሉ። ስልኩን ቀድመው ከፊታቸው አራቁት፤ እንደሚዘልባቸው ነው የጠበቁት። አልዘለለም። ደብዘዝ አለና ሳጥኑ ከታች መጣ። ጮክ ብለው አነበቡት። "ተራዎ ሐሙስ ነው። ምን ይሁን?" ቆም አሉ። "ተራዬ ይቆይ። ተራዬ ይሰረዝ።" ጣታቸው አየር ላይ ቆየች። ነኩት።

"ቆየ?" አሉ።

"ቆየ" አለች ለምያ።

"ልሰርዘው ብፈልግስ?"

"ይሞክሩት።"

ቀዩ መጣ። አነበቡትና ሰረዙት። ከታች ቀጭን መስመር ላይ "ተሰርዟል። ልመልሰው?" የሚል ታየ። ጋሽ ተክለጻድቅ ቀና ብለው አዩዋት።

"ሐሳቤን ብለውጥ ይመልስልኛል ማለት ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ሚስቴ እንኳ ይህን አታደርግልኝም!"

የዚያን ቀን ትልቁ ሳቅ ይህ ነበር። ባለቤታቸው እዚያው ሴቶቹ መሃል ተቀምጠው "ቤት እንገናኝ!" ብለው መለሱላቸው። ከዚያ ከዋጫ የመጣች ወንጌላዊት የምትባል ሴት ስልኩን ተቀብላ ሞከረች፤ ከሷ ሌላው ተቀበለ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ለምያ ሰዉ ጣቱን የሚያሳርፍበትን ቦታ ብቻ ነበር የምታየው።

እጅ ሲወጣ ሔኖክ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ሰባ አንድ ሰው ስልኩ ይቀጥል አለ፣ አርባ ስምንት ወረቀት አለ። ወረቀት ያሉት አብዛኞቹ ከቢታ ገነት በኩል የመጡ ናቸው። ተቆጥተው አይደለም፤ አንዱ ተነሥቶ "ሳጥኑ መልካም ነው፣ ልጅቱም ትባረክ፣ ግን እኛ ዘንድ ኔትዎርክ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። ተራ ያዝኩ ብዬ ያልያዝኩ ብሆንስ?" አለ። "አላውቅም" አለችው ለምያ በሰው ፊት። "መጥቼ ልየው።"

ወደ ቤት ስንመለስ ኸይረዲን ጃንጥላ ይዞልን አብሮን ሄደ።

"የአዲስ አበባዎቹ ሲደውሉ ምን ትያቸዋለሽ?" አላት ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ።

"አልመጣም እላቸዋለሁ። ቃሌ ማኅበሩ እንቢ ካለ ነበር።"

"አርባ ስምንት ሰው እንቢ ብሏል።"

"ለዚህ እኮ ነው መሄድ የማልችለው።"

ኸይረዲን እኔን አየኝ፣ የምረዳው መስሎት። እኔ ጭቃውን እያየሁ ነበር የምራመደው።

ሰኞ ጧት መናኸሪያ ድረስ የሸኛት እሱ ነው። ቢታ ገነት የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ቦርሳዋን አውጥቶ፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጧት፣ ለረዳቱም አደራ ብሎ ተመለሰ። ያንን ርካሽ ስልክ ይዛ ነው የሄደችው። ሐሙስ ስትመጣ ጫማዋ ቀይ ጭቃ ብቻ ሆኗል፣ ደብተሯ ተሞልቷል። ኔትዎርክ ሲጠፋ ስልኩ ምን ቢላቸው እንደሚያምኑት ሰዎቹን በየቤታቸው እየሄደች ጠይቃለች። አብዛኞቹ ያሏት አንድ ነው፦ "ገና አልደረሰም ይበለን፣ ሲደርስ ደግሞ ደረሰ ይበለን፤ አይዋሸን እንጂ እንጠብቃለን።"

አሁን እሱን እየሠራች ነው። ግድግዳዬ ላይ አንድ ወረቀት ተጨምሯል።